ቁም ሳጥን በክረምት ሲቀባ

እኅቴ እናታችንን ልትወስድ እየመጣች ነበር፤ እኔ ደግሞ ቁም ሳጥን እቀባ ነበር። ሁለቱ የማይገናኙ ነገሮች ይመስላሉ። ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ።

እኅቴ ባሕር ዳር ትኖራለች፤ ታላቄ ናት። ዓመቱን ሙሉ በስልክ ስንጨቃጨቅ የከረምነው በአንድ ጉዳይ ነው፦ እማዬ ንፋስ መውጫ ላይ፣ አባታችን በተወላት ቤት፣ ብቻዋን ትኑር ወይስ ትነሣ። እኅቴ ትነሣ ትላለች። አጎቶቻችን ትነሣ ይላሉ። የሰፈሩ ሰው ሳይቀር «ኧረ ውሰዷት» ይላል። እኔ ትቆይ አልሁ። ሁሉም ትቆይ ቢል ኖሮ እኔም ትቆይ ማለቴን እጠራጠራለሁ፤ ጠባዬን አውቀዋለሁ። ይሁን እንጂ ሰው በእልህም ቢሆን እውነት ላይ የሚወድቅበት ቀን አለ። አሮጊትን ከቤቷ ነቅሎ ፎቅ ላይ መትከል እንክብካቤ ሲባል ጆሮዬን ይኮሰኩሰኛል።

እኅቴ በመጨረሻ እንዲህ አለች፤ «ለፍልሰታ እመጣለሁ። ቤቱን አያለሁ። አንድ ነገር ካየሁ ይዣት እሄዳለሁ፤ አንተም አፍህን ትዘጋለህ።» ያ «አንድ ነገር» ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ስለዚህ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ ምን ያያል ብዬ ራሴ ማሰብ ነበረብኝ። ከሳሎኑ በር ላይ ቆሞ ወደ ወጥ ቤቱ ለሚመለከት ፊት ለፊት የሚያፈጠው ቁም ሳጥኑ ነው። ባለ ሁለት በር፣ ግድግዳውን ግማሽ የያዘ፣ አባቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ አሠርቶ በጭነት መኪና ያስመጣው። ግራጫ ቀለሙ እንደ ድሮ ቢሮ በር ተቀርፍፏል፤ ጥጋ ጥጉ በጢስ ጠቁሯል። «ተጥላለች» ብሎ የሚጮኽ ዕቃ ቢኖር እሱ ነው። ነጭ ቢሆን ግን «ሰው አላት» ይላል። ክርክሩን በብሩሽ ላሸንፍ ነው ያሰብሁት። ከደብረ ታቦር ለክረምቱ ስመጣ አንድ ጣሳ የዘይት ቀለም ይዤ መጣሁ። በስልኬም አንዲት ፈረንጅ እየሳቀች አንድ ወጥ ቤት ሙሉ በሁለት ዘፈን መካከል ቀብታ ስትጨርስ አይቻለሁ።

የቁም ሳጥኑ ቁልፍ እማዬ አንገት ላይ ከማተቧ ጋር የታሰረ ነው። ከዚያ ወርዶ አይቼው አላውቅም።

«እማዬ፣ ቁልፉን ስጪኝ።»

«ምን ልታደርግባት?»

«ቁም ሳጥኑን ልቀባልሽ።»

«በነሐሴ?»

«ምን አለበት?»

«ምንም የለበት። በነሐሴ የሚወቃ ገብስ አላየሁም ብዬ ነው።»

ፈታ ሰጠችኝ። «ስትጨርስ በእጄ ታኖራታለህ» አለች። ኪስ ውስጥ ሳይሆን፣ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን፣ በእጄ።

ዕቃውን አውጥቼ ሳሎን መደብ ላይ ደረደርሁት። በሮቹን በካቻቢቴ ፈታሁ፤ የዛጉት ብሎኖች ግማሽ ቀን ፈጁብኝ። አሮጌውን ቀለም በቢላዋ ላጥሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፤ የአባቴ ዘመን ግራጫ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከሥሩ ቡናማ እንጨት ብቅ አለ። እማዬ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ነጭ አደረግኸው? ያምራል።»

የቀለሙን ጣሳ ገና አልከፈትሁትም ነበር።

«የቱ ነጭ? ገና እየፋቅሁት ነው እኮ።»

«ለሚቀባው ነው ያልሁህ» አለች፣ ምንም ሳታመነታ። እኔም ፍቅር ነው ብዬ አለፍሁት። እናቶች ልጃቸው የሠራውን ሳያዩ ያደንቃሉ፤ የኔን ጽሑፎችም የምታደንቀው እንዲሁ ነው።

ከተማችን በነፋስ ስም ትጠራለች፤ በነሐሴ ግን ነፋሱ አገር ጥሎ ይሄድና ቦታውን ለጉም ይለቅቃል። ቀለሙን በጠዋት ቀባሁት፤ ማታም እንደ ማር ይጣበቃል። በማግስቱም ይጣበቃል። በሮቹን ሳሎን አስደግፌ ከሰል አነደድሁላቸው፤ ቤቱ ሁሉ እንደ ጋራዥ ሸተተ፣ ራሳችንን አመመን፣ ቀለሙ ግን አልሰማም። የዚያችን የፈረንጅ ሴት ሳቅ አሁን ነው የገባኝ፤ የምትኖረው በጋ ላይ ነው።

በማግስቱ የቁም ሳጥኑን አፍ ሳየው የጣት አሻራ አለበት። ከግራው ጠርዝ ጀምሮ፣ አራት አራት እየሆነ፣ ልክ ዶሮ በጭቃ ላይ እንደሄደች፣ እስከ ቀኙ መደርደሪያ ድረስ ይዘልቃል።

«እማዬ፣ አትንኪው አላልሁሽም?»

«ደርቆ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

«ለዚህ አንድ ጣት አይበቃም?»

«አንዱ ይዋሻል።»

ደግሜ ቀባሁት። በማግስቱም ያው፤ በዚያው መስመር፣ በዚያው ከፍታ። እልኸኝነቷ አናደደኝ፤ ከማን እንደወረስሁትም አስታወሰኝ። እንደገና ቀባሁት። ቀኑ እያጠረብኝ ሄደ። እርጥብ ቁም ሳጥንና ሳሎን የተበተነ ጓዝ እኅቴ ከምትፈልገው «አንድ ነገር» በላይ ነው። በገዛ እጄ ማስረጃ እያዘጋጀሁላት ነበር።

እማዬ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሰሞኑን ጎረቤታችን ክንዷን ይዛ ታደርሳታለች፤ «ጭቃው ነው» ብላኛለች፣ ጭቃው ነው ብዬ አምኛለሁ። የደወለችው እኅቴ ናት።

«ደብረ ታቦር ደርሻለሁ።»

«ሳምንት አላልሽም ነበር?»

«መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው አሉ። የሳምንቱን ማን ያውቃል? መጣሁ።»

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን በእግዚአብሔር ሥራ ብቻ ባየሁት ፍጥነት ነው የሠራሁት። በሮቹን በእርጥቡ ሰቀልኋቸው፤ እንዳይጣበቁ ገርበብ አድርጌ ተውኋቸው። መደቡ ላይ የተበተነውን ዕቃ ወደ መደርደሪያው መለስሁ። አመላለሴ ደግሞ አኮራኝ፤ ትልቁ ከኋላ፣ ትንሹ ከፊት፣ ጣሳው ከጣሳ፣ ድስቱ ከድስት ጋር። መጻሕፍቴን እንኳ እንዲህ ደርድሬ አላውቅም። እጄን በነጭ ጋዝ እየታጠብሁ ሳለ ባጃጅ በር ላይ ቆመ።

እኅቴ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ሆና ገባች። ሰላም ሳትለኝ አሸተተች።

«ምንድን ነው ይህ? ቤቱን ጋራዥ አደረግኸው?»

«እንኳን ደኅና መጣሽ፣ እታለም።»

«ቁም ሳጥን ቀባህ?»

«እንደምታዪው።»

«በነሐሴ?»

የእናቷ ልጅ ናት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቤቱን መዞር ጀመረች፤ በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ጥርስ እንደሚያይ፣ ጥጉን ታያለች፣ ጣሪያውን ታያለች፣ የአልጋውን ልብስ ትገልጣለች። አንድም ነገር አላገኘችም። ቤቱ ንጹሕ ነው። ልቤ ትንሽ ተመለሰ።

እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ ጎረቤታችን አጥር በሩ ላይ ትታት ሄደች። እናቴ ከበሩ እስከ ሳሎን ያለውን መንገድ ያለ ማንም ቀጥ ብላ መጣች። እኅቴ ዝም ብላ ቆማ ታያት ነበር፤ እማዬ አጠገቧ ደርሳ ልታልፋት ምንም አልቀራትም።

«እማዬ!»

«ውይ ልጄ!» እማዬ ወደ ድምፁ ዞራ አቀፈቻት። «ሳትነግሪኝ? ምን በልተሽ ነው የመጣሽው? ተቀመጪ፣ ክክ ልሥራልሽ።»

«እኔ እሠራለሁ፤ አንቺ አረፍ በይ።»

«በቤቴ ከመንገድ የመጣ ሰው ሠርቶ ይበላል? ተቀመጪ አልሁሽ።»

እኅቴ በርጩማ ስባ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች፤ ዐይኗን ከእናቷ ላይ አላነሣችም። እኔ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ቆሜያለሁ። እማዬ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። ግራ እጇን አነሣችና የቁም ሳጥኑን አፍ በአራት ጣቶቿ ነካች። ጣቶቿ በጠርዙ ላይ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ቀኙ መደርደሪያ ላይ ሲደርሱ ቀኝ እጇ ያለ ምንም ጥርጥር ወደ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ቆመ።

ያን እጅ አልረሳውም። እንደ ሌባ አልነበረም፤ የራሱ ቤት ገብቶ የሌላ ሰው አልጋ እንዳገኘ ሰው ነበር።

ነጭ ያምራል። አንዱ ይዋሻል። ጭቃው ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። የአደራደሩም ብልሃት የዚያኑ ጊዜ ታየኝ፤ በዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ዕቃ በቁመት ተደርድሮ አያውቅም። ቀኙ የጾም ነው፣ ግራው የፍስክ። ቅቤ የነካ ማንኪያ ወደ ቀኝ አይሻገርም። በዚህ ቤት አድጌ ይህን የረሳሁት እኔ፣ ድስቱን ከድስት ጋር ብዬ አጋብቻቸዋለሁ። ሁለቱ ድስቶች ደግሞ እኅቴ ራሷ ከአንድ ሱቅ ገዝታ ያመጣቻቸው መንትዮች ናቸው። የሚለያቸው ቦታቸው ብቻ ነበር።

እማዬ ከሁለቱ አንዱን አወጣች። አቧራ እንደምታራግፍ አስመስላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። በአመድ ቢፈተግ፣ በፈላ ውኃ ቢታጠብ፣ ቅቤ የለመደ ድስት ለሷ አፍንጫ ይናገር ነበር። ዛሬ ግን ቤቱ ሙሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። ዐይኗ የሸሸባትን ሴት አፍንጫም ነጥቄያታለሁ። ጠየቀችን? አልጠየቀችም። «የጾሙ ድስት የቱ ነው?» ብትል ደፉ ላይ የተቀመጠችው ልጇ ትሰማለች። ድስቱን ይዛ ወደ ምድጃው ተራመደች።

ከጆሮው ሥር፣ ብሎኑ ዙሪያ፣ ቢጫ የቅቤ ቀለበት ታየኝ። የፍስኩ ነው።

እኔ ጾም ከተውሁ ቆይቻለሁ፤ ስለ ጾምም ብዙ ሰው የሚያስቆጣ ነገር ጽፌያለሁ። ይህች ሴት ግን የእመቤታችንን ጾም ከነፍስ ካወቀች ጀምሮ አንድ ቀን አልገደፈችም። ዝም ካልሁ በዚያ ድስት ሠርታ ትበላለች፤ አንድ ቀን ያወቀች ለት ደግሞ ይህ ቤት ራሱ ያስጠላታል። ከተናገርሁ ባሕር ዳር ናት። ድስቱ ከሰሉ ላይ ሊቀመጥ ነው።

«እማዬ፣ ያ ድስት ቀለም ነክቶታል። ተይው።»

አልዞረችም። «የትኛው?»

«የያዝሽው። ሌላውን ላንሣልሽ።»

ከሰሉ ጠሽ ጠሽ አለ። ድስቱን በሁለት እጇ እንደያዘች ጥቂት ቆየች፤ መረዳቷን ከትከሻዋ አየሁት።

«ከነካውማ አንሣልኝ፣ የኔ ጌታ» አለች። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስትመልሳቸው ደግሞ እንደነበሩት ይሁኑ።»

ሌላውን ድስት ሰጠኋት፤ ይህን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ እኅቴ ቀደመችኝ።

«ቀለሙ የታለ? አሳየኝ እስቲ።»

ድስቱን አገላበጠችው። ቀለም የለውም። አውራ ጣቷን በቢጫው ቀለበት ላይ አሳርፋ ቆየች። እኅቴ ብዙ ነገር ናት፤ ሞኝ ግን አይደለችም። ድስቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ የእናቷን ግራ እጅ አየች። አራቱ ጣቶች ጫፋቸው ነጭ ነው።

«እማዬ፣ ጣትሽ ምን ሆነ?»

«ቀለም ነዋ። ወንድምሽ ያላስነካው ምን አለ?»

እኅቴ ተነሥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። ጎንበስ ብላ የዶሮዋን ዱካ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበችው።

«ይህ የማን እጅ ነው?»

«የኔ ነው» አልሁ።

«እስቲ ጣትህን አግባበት።»

«ምን ዓይነት—»

«አግባበት አልሁህ!»

ከእኔ የምትበልጠው በጥቂት ዓመት ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን በልጅነቴ ጓሮ የደበቅሁትን ልታስወጣኝ የቆመች ትመስል ነበር። አውራ ጣቴን አስጠጋሁት። የሁለት ጣት ዱካ አንድ ላይ ሸፈነ።

«ተዪው፣ አታልፊው» አለች እማዬ ከምድጃው ዘንድ። «የእኔ ነው። ምን ሰረቅሁ?»

እኅቴ ቀና ብላ ወደ እናቷ ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች እኅቴ።

«ከምኑ?»

«ማየት ከተውሽ።»

«ማየት አልተውሁም። ቀስ ብዬ ነው የማየው።»

«እማዬ! ሞራ ነው እኮ፣ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ይነሣል። የስንቱ ተነሥቷል!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እያወቅሽ ምነው?»

እማዬ ሽንኩርቱን በእጇ ለካች፣ ቢላዋውን ለካች፣ መክተፍ ጀመረች። ከጣቷ ጥፍር በጤፍ ቅንጣት ርቀት ትከትፋለች። 

«ለዐይኔ ብዬ ከወጣሁ» አለች፣ «ለቤቴ ብላችሁ አትመልሱኝም።»

ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት ክርክር ነበረኝ። ስለ ሥር፣ ስለ ክብር፣ ስለ ከተማ ፎቅ። አንዱም ለዚህ አይሆንም። እናቴ ከቤቷ አትነሣ ባይ እኔ ነበርሁ፤ ቤቷን ለማቆየት ዐይኗን እየከፈለች እንደነበር ግን አላየሁም፣ ማየት የሚያቅተው ሰው በቤቱ ሌላም ነበር ማለት ነው። ከእኅቴ ጋር ተስማማሁ። አልተመቸኝም።

በጾሙ ድስት የተሠራውን፣ የቀለም ሽታ የተቀላቀለበትን ክክ በላን። እማዬ ጣቷን ልሳ ጨረሰችና ጠየቀች፤

«መንገዱ ነገ ያስኬዳል?»

«ጠዋት መኪና ይወጣል ብለውኛል» አለች እኅቴ።

«እንግዲያስ እሄዳለሁ። ዐይኔን አስነሥቼ እመለሳለሁ። እመለሳለሁ ያልሁት እኔ ነኝ፤ እናንተ አይደላችሁም።»

«እኔው ራሴ እመልስሻለሁ።»

«ማይልኝ።»

እኅቴ በያዘችው ጾም፣ በእመቤታችን ማለች። እያለቀሰች ነበር። እማዬ መሐላውን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳመነች ግን ፊቷ አልተናገረም።

ጠዋት ቁም ሳጥኑ ዘንድ ጠራችኝ። ዕቃውን ሁሉ አስወጣችኝና እየዳሰሰች እንደገና አስገባችኝ፤ «ይህ ቀኝ፣ ያ ግራ፣ እሱ ከሥር።» የጾሙ ድስት ቀኝ፣ የፍስኩ ግራ። ሲያልቅ እጇን ዘረጋች። ቁልፉን በእጇ አኖርሁላት። በሮቹን ገፋች።

«እማዬ ቆይ፣ አይዘጋም! ሳይደርቅ ከተዘጋ ይጣበቃል። ስትከፍቺው ከላይ እስከ ታች ይላጣል።»

«ማን ሲከፍተው?»

«አንቺ።»

«ታዲያ ምን ቸገረህ?»

ቆለፈችው፤ ቁልፉን መልሳ ከማተቧ ጋር አሰረች።

«ኧረ እኔስ በምን አብስዬ ልብላ?»

«ጾም ነው» አለች።

ባጃጁ ሲሄድ እኅቴ አላየችኝም፤ የእማዬን ነጠላ እያስተካከለች ነበር። ወደ ቤት ገብቼ ጣሳውን አየሁ። የጣቶቹን ዱካ ለመሸፈን የሚበቃ ቀለም ተርፏል። ብሩሹን አጥቤ ሰቀልሁት።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን የምትልክልኝን እየበላሁ ቤቱን እጠብቃለሁ። ጉሙ እየሳሳ ነው። በየጠዋቱ የሁለቱን በሮች መጋጠሚያ በጣቴ እጫነዋለሁ፤ ነጩ ሞልቶበት አንድ ግድግዳ ሆኗል። ያለ ቢላዋ አይከፈትም፤ ቢላዋው ደግሞ ውስጥ ነው።

ትናንት ስልክ ደወለች። ቀኝ ዐይኗን አንሥተውላታል።

«የእኅትህ ድስት ሁሉ ጥቁር ነው ለካ» አለችኝ። «እንዴት ነው የምትለያቸው?»

«እሷን ጠይቂያት።»

«ጠይቄያታለሁ። አትለያቸውም።» ነገሩን ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰችው። «ደረቀ?»

«ደርቋል።»

«አልነካካኸውም?»

«ቁልፉ አንቺ ዘንድ አይደል?»

«እኔ ዘንድ ነው» አለች። ከዚያ መንገዱን ጠየቀችኝ። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ዝግ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ አልኋት። ከጀርባዋ የእኅቴ ድምፅ «ንገሪው፣ ሲከፈት አመጣሻለሁ» ሲል ተሰማኝ።

«ሰማህ?» አለች እማዬ።

«ሰማሁ።»

«ቢላዋ ተዋስና ጠብቀኝ።»